ተጣሪና ተጠሪ

የአገሬን ስም አልጽፍም። የምደብቀው ኖሮኝ አይደለም። ስሟን በጽሑፍ የሚያነሳ ሰው ከስያሜ ቢሮ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ የፈቃዱ ማመልከቻ ደግሞ የአገሪቱ ስም ካልተጻፈበት ተቀባይነት የለውም። ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተውኩት። ከተማችን ከረግረግ ዳር ያለች ናት ብል ይበቃል።

እኛ በወዲህ በኩል ነን። ወፍጮው፣ ሐኪም ቤቱና ትልቁ ገበያ በወዲያ በኩል ናቸው። መካከሉ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ደንገልና ጥቁር ውሃ ነው። በውሃው መሐል ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ የአፈር መንገድ አለ። በበጋ እርጉዝም ሽማግሌም ያቋርጠዋል። ጉም ሲወርድ ግን ሰው የገዛ እጁን አያይም። አንድ እርምጃ ከመንገዱ የወጣ እስከ ወገቡ ይሰምጣል፤ ሁለት እርምጃ የሄደ አይመለስም።

ለዚህ ነው ተጣሪዎች ያሉት። በመንገዱ ላይ ሰባት ትልልቅ ድንጋዮች አሉ። በጉም ወራት ከንጋት እስከ ረፋድ በእያንዳንዱ ድንጋይ ላይ አንድ ሰው ቆሞ “ወዲህ! ወዲህ ነው!” እያለ ይጣራል። መንገደኛው ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ድምፅ እየተራመደ ይሻገራል። ማኅበሩን ከሠላሳ ዓመት በፊት ያቋቋሙት ጋሽ እጅጉ የሚባሉ ግንበኛ ናቸው። ደሞዝ የለውም። እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ፤ በሁለተኛው ድንጋይ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ቆሜአለሁ። የምተርከው ግን በትርንጎ ላይ የደረሰውን ነው። ከፊሉን አይቻለሁ፤ ቀሪውን ራሷ ነግራኛለች።

ትርንጎ ሃምሳን የተሻገረች ሰሌን ሠሪ ናት። ማን በየትኛው ድንጋይ ላይ እንደሚቆም የምትደለድለው እሷ ነበረች። መቀመጥ አይሆንላትም። ሰሌን ስትሠራ እንኳ እጇ ከደንገሉ ጋር፣ ዓይኗ ከሰማዩ ጋር ነው፤ ጉም ይወርድ ይሆን እያለች ትነሳለች፣ በሩ ድረስ ሄዳ ትመለሳለች። ባሏ በሕይወት ሳለ “ይህች ሴት ስትሞትም ቆማ ነው” ይል ነበር።

በዚያ ዓመት አዲስ ደንብ መጣ። ደንቡ እንዲህ ይላል፦ በአገሪቱ ያለ ሰው ሁሉ ወይ የሚያዝዝ ነው፣ ወይ የሚሸጥ ነው፤ ከሁለቱ ውጭ ሆኖ የተገኘ ማኅበር ምን እንደሆነ ያስረዳ፤ እስኪያስረዳ ድረስ ሥራ አይሥራ። ደንቡን የሚያስፈጽም የስያሜ ሹም ተላከልን። መንክር የሚባል፣ ፊቱ የተሰበሰበ፣ ገና አርባ ያልሞላው ሰው ነው። አሮጌውን የእህል መጋዘን አስጠርጎ ቢሮ ከፈተ። ጉም ሊወርድ አምስት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

ትርንጎ በመጀመሪያው ቀን ሄደች።

“ምንድን ናችሁ?” አላት።

“ተጣሪዎች።”

“ምን ትሸጣላችሁ?”

“አንሸጥም።”

“ማንን ታዛላችሁ?”

“ማንንም። ‘ወዲህ ነው’ እንላለን፤ የፈለገ ይመጣል።”

“ያልፈለገስ?”

“ረግረግ ይገባል።”

ሹሙ “ማስገደድ” ብሎ ጻፈ፤ ትንሽ አሰበና ሰረዘው። ብዕሩን አስቀምጦ ግንባሩን አሸ።

“ምን እንደሆናችሁ መጻፍ አልቻልኩም” አለ። “እንግዲያው ምን እንዳልሆናችሁ እንጽፋለን።”

ሰነዱ አራት ገጽ ነበር። በየመስመሩ መጀመሪያ ላይ ባዶ ቦታ አለ፤ በመጨረሻው “አይደሉም” የሚል ታትሟል። ነጋዴ አይደሉም ለማለት ከነጋዴዎች አለቃ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ሹም አይደሉም ለማለት ከከተማው ጽሕፈት ቤት። አዋጅ ነጋሪ አይደሉም ለማለት ደግሞ ከአዋጅ ነጋሪዎች።

“ይህ ሁሉ ለምን አስፈለገ?” አለችው ትርንጎ። “ሰው እኮ ያውቀናል።”

“ባለፈው ዓመት በላይኛው ከተማ ነበርኩ” አለ። “‘ዓይነ ስውር እንመራለን’ የሚሉ አሥራ ስድስት ማኅበርተኞች አገኘሁ። ቤት አላቸው፣ ሰሌዳ አላቸው፣ ለየራሳቸው ዘንግ አላቸው። አንድ የምትመሩትን ዓይነ ስውር አሳዩኝ ብላቸው ከመካከላቸው አንዱን ዓይኑን አስጨፍነው አመጡልኝ።”

ትርንጎ ሳትወድ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

“በዚያው ሰሞን አንዲት ዓይነ ስውር ሴት ብቻዋን ስትሄድ ገደል ገባች። ማንን እንደምጠይቅ አጣሁ። እነሱንም ሰው ያውቃቸው ነበር።”

ትርንጎ ሰነዱን ተቀብላ ወጣች።

የነጋዴዎቹ አለቃ “ነጋዴ አለመሆን በአፍ አይረጋገጥም” አላት። ገበያ መሐል ሰሌኖቿን ዘርግታ እንድትቀመጥና መሸጥ እንደማትችል በተግባር እንድታሳይ አዘዛት። እስከ እኩለ ቀን ስድስቱም ተሸጡ። በማግስቱ በሦስት እጥፍ ዋጋ ብትጠራ ሰው “ይሄማ ልዩ ሰሌን ቢሆን ነው” ብሎ ተሻማበት። በሦስተኛው ቀን ምንም ሳትይዝ ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጠች፤ አንድ ገበሬ የተቀመጠችበትን ጆንያ ስንት ነው ብሎ ጠየቃት። አለቃው በመጨረሻ “ሴትየዋ በግሏ ከነጋዴም ነጋዴ ናት፤ በማኅበሯ ስም ግን ስትሸጥ አልተያዘችም” ብሎ ጻፈላት።

የከተማው ጽሕፈት ቤት ደግሞ ሌላ ነው። “የተሾሙ ሰዎች መዝገብ አለን፤ ያልተሾሙ ሰዎች መዝገብ የለንም” አሏት። ሹም አለመሆኗን ሊጽፉ የሚችሉት ከሹመት ካነሷት ብቻ ነው፤ ለማንሳት መጀመሪያ መሾም ያስፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሰኞ ጠዋት የጎርፍ መውረጃ ሹም አድርገው ሾሟት፤ ከምሳ በኋላ አነሷት። በእነዚያ አራት ሰዓታት ውስጥ መንገድ ላይ ያገኛት ሁሉ ባርኔጣውን አወለቀላት፤ ሁለት ሰዎች አቤቱታ ሰጧት። የወንድሟ ልጅ ሥራ እንድታስገባው ለመናት። ማታ ስትነግረኝ “አራት ሰዓት ሙሉ አንድም ሰው እውነት አልነገረኝም” ነው ያለችኝ።

የአዋጅ ነጋሪዎቹ አለቃ ግን ጨዋ ሰው ነበር። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቃት።

“ሰውን የምትጠሩት ወዴት ነው?”

“ወደ ቤቱ። ወደ ሐኪም ቤት። ወደሚሄድበት።”

“እኛ ወደ ስብሰባ ነው የምንጠራው” አለና ደብዳቤውን ፈረመ። “አንመሳሰልም።”

ጉም ሊወርድ አሥራ ሁለት ቀን ሲቀረው ሦስቱንም ደብዳቤ ይዛ መጋዘኑ ደረሰች። ሹሙ አንድ በአንድ አነበበ፣ ቁጥር ሰጠ፣ በክር አሰረ። ትርንጎ እግሯን እያፈራረቀች ቆማለች። ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ነው።

“አንድ መስመር ቀርቷል” አለ። “ተጠሪነታችሁ ለማን ነው?”

“ተጣሪ ነን አልኩዎት እኮ።”

“ተጣሪነታችሁን ጽፌአለሁ። ተጠሪነታችሁን ነው የጠየቅሁት። ብታጠፉ ማን ይጠይቃችኋል?”

ትርንጎ እንዲህ ያለ ነገር አስባ አታውቅም ነበር። “ለሁሉም” አለች።

“ሁሉም የሚባል ሰው ቤቱ የት ነው?”

ባሕር ማዶ ያሉት በጎ ላኪዎች ትዝ አሏት። ከስድስት ዓመት በፊት ሰባት ወፍራም ካፖርት ልከውልን ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ስንት ጊዜ እንደተጣራን ይጠይቁናል። ስለዚህ ስንጣራ ጠጠር ከአንዱ ኪሳችን ወደ ሌላው እናዛውር ነበር። አልዋሽም፤ እኔ ጠጠሩን ላለመሳሳት ስጠነቀቅ ሰው በአጠገቤ ማለፉን ሳላይ የቀረሁበት ቀን ብዙ ነው።

“ባለፈው ዓመት አርባ ሁለት ሺህ ጊዜ ተጣርተናል” አለችው ትርንጎ፣ ኮራ ብላ።

ሹሙ ጻፈው። “ስንት ሰው ደረሰ?”

“እሱን አልቆጠርንም።”

“እንግዲህ” አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ “በመንገዱ ከሚሻገሩት ሰዎች አንድ ምስክር ያስፈልጋል። ‘ማኅበሩን ጠይቄአለሁ፤ መልሰውልኛል፤ ረክቻለሁ’ ብሎ የሚፈርም። ጥያቄው ምን እንደነበረ ይጻፍ። ባዶ ከሆነ አልቀበልም።”

ትርንጎ ይህ ቀላሉ ነው ብላ ወጣች። ሰው እንደሚወደን ታውቃለች። ባለፈው ክረምት በምጥ ሆና በድምፃችን የተሻገረች ሴት ቤት ሄደች፤ ሴትየዋ እግሯ ላይ ልትወድቅ ደረሰች።

“ፊርማ? አሥር ጊዜ እፈርማለሁ።”

“ጥያቄ መጻፍ አለበት። የምትጠይቂኝ ነገር የለም?”

“እናንተን?” ሴትየዋ ደነገጠች። “ደግ ሰው ይጠየቃል እንዴ? ነውር አይደለም?”

ዳቦ ጋጋሪው “የምጠይቀው ሰማይን ነው” አላት። የሐኪም ቤቱ ዘበኛ ረጅም ጊዜ አሰበና “ደህና ናችሁ ወይ?” ብሎ ጠየቃት፤ እንዲያውም ጻፈው፤ ሹሙ ግን ሰላምታ ነው ብሎ መለሰው። አምስት ቀን እንዲህ አለፈ። ትርንጎ እህል ወደ አፏ አልገባ አላት። በጠዋት ተነስታ ሰማይ ታያለች፤ ከደንገሉ ላይ ስስ ጭስ የመሰለ ነገር መነሳት ጀምሯል። ጉሙ ከወረደና እኛ ዝም ካልን ሰው ድምፅ እጠብቃለሁ ብሎ ይገባና ያልቃል። ከዚህ የባሰ ነገር አልታያትም።

በስድስተኛው ቀን ወዲያ ማዶ ወፍጮ ቤት ሄደች። እህል የሚነፉት ሴቶች ከበቧት። ተመሳሳዩን ነገር ተናገረች፤ ተመሳሳዩን ምስጋና ሰማች። ልትወጣ ስትል ጥግ ላይ የነበረችው ሴት ወንፊቷን አስቀመጠች። ማንጠግቦሽ ነበረች። ከሦስት ዓመት በፊት ካሴ የሚባል ባሏ በረግረጉ የጠፋባት ሴት ናት፤ ዕድሜዋ ከሠላሳ አምስት አያልፍም።

“እትዬ ትርንጎ፣ እኔ ጥያቄ አለኝ” አለች።

“ተናገሪ እስቲ።”

“ካሴ የሞተ ቀን አራተኛው ድንጋይ ላይ ማን ነበር? ለምን ድምፅ አልነበረም?”

ወንፊቶቹ ሁሉ ቆሙ።

“ጉም ነው፣ እህቴ” አለች ትርንጎ። “ሰው በጉም ውስጥ ይስታል።”

“ይህንን ያኔም ነግራችሁኛል። በሐዘኑ ጊዜ ሊጠይቁኝ የመጡ ብዙ ነበሩ፤ ሰባታችሁም መጥታችሁ ነበር። እኔ ልጠይቀው የምችል ሰው ግን አልነበረም። ካሴ ያንን መንገድ ሃያ ዓመት ሄዶበታል። ከኋላው የነበሩት ሰዎች ከሦስተኛው ድንጋይ አልፈው ድምፅ ስላጡ ቆመው ቀሩ። እሱ አልቆመም። ምናልባት እሰማለሁ ብሎ ሄደ። ጥያቄዬን ጻፊው።”

ትርንጎ ወረቀቱን አጥፋ “ነገ እመለሳለሁ” አለች። እየሮጠች ነው የወጣችው ማለት ይቻላል።

አሁን የሆነውን ልናገር። እኔም በነገሩ ውስጥ አለሁበት።

በዚያ ቀን አራተኛው ድንጋይ ላይ የነበሩት ጋሽ እጅጉ ናቸው። ድምፃቸው ከዚያ በፊት ጀምሮ እየሳሳ ነበር። ከካሴ ሞት አንድ ሳምንት አስቀድሞ ትርንጎ አጠገባቸው ቆማ ሲጣሩ ሰምታ፣ ከአሥር እርምጃ ወዲያ የማይሄድ ሹክሹክታ ሆኖ አግኝታዋለች። ግን ማኅበሩን የመሠረቱት እሳቸው ናቸው፤ ድንጋዮቹን ያቆሙት እሳቸው ናቸው። “ይውረዱ” ማለት አቃታትና በቦታቸው ደለደለቻቸው። ካሴ ከሞተ በኋላ ስድስታችን ትርንጎ ቤት ተሰበሰብን፤ ጋሽ እጅጉ አልመጡም፤ ከዚያ ወዲህ ድንጋይ ላይም አልወጡም። ሰው በድምፃችን ላይ እምነት ካጣ ጉም ውስጥ መቆም ይጀምራል፤ የቆመ ሰው አቅጣጫው ዞሮበት ይሰምጣል፤ ስለዚህ ለብዙዎች ሲባል ዝም እንበል ተባባልን። ያንን ቃል መጀመሪያ ያነሳሁት እኔ ልሆን እችላለሁ። ያኔ የጥበብ ቃል መስሎኝ ነበር።

ትርንጎ ከወፍጮ ቤት ስትመለስ ወደ ቤቷ አልገባችም። ቀጥታ ጋሽ እጅጉ ዘንድ ሄደች። እኔ ፀጉራቸውን እያስተካከልኩ ነበር።

“ማንጠግቦሽ ጠየቀችኝ” አለች ገና ከበሩ። “ምን ልበላት? ማኅተሙ ሊቀር ነው፤ ጉሙ ደርሷል። የሆነ ነገር ፈልጉልኝ።”

ጋሽ እጅጉ ከመቀሴ ሥር ቀና አሉ። ድምፃቸው በዚያን ጊዜ እንደ ደረቅ ቅጠል ነበር፤ ለመስማት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል።

“ምን ብላ ጠየቀች?” አሉ።

“ማን ነበር ብላ።”

“ማን ነበር ብላ ጠየቀች?” አሉ እንደገና፤ እጃቸውን አንስተው መቀሴን ገፋ አደረጉት። “ሦስት ዓመት ይህንን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። አንቺም አልጠየቅሽኝ። ይሄም በየወሩ ፀጉሬን እየቆረጠ አልጠየቀኝም። እግሩ ውሃ ውስጥ ሲገባ ሰምቻለሁ እኮ።”

ትርንጎ ቆማ ነበር። ተቀመጠች። እሷን በሰው ቤት ተቀምጣ ሳያት ያ የመጀመሪያው ነው።

“ውሰዱኝ” አሉ ጋሽ እጅጉ።

“እኔ እነግራታለሁ፤ እርስዎ አይድከሙ።”

“እኔን ነው የጠየቀችው።”

በማግስቱ ፀሐይ ወጥታ መንገዱ ጥርት ብሎ ሲታይ ሦስታችንም ተሻገርን። ፀጉራቸው ግማሹ ሳይቆረጥ እንደ ቀረ ነበር፤ እንድጨርስላቸው አልፈቀዱም። እኔ ክንዳቸውን ያዝኩ። ትርንጎ ከፊት እየሄደች ደጋግማ ትቆማለች፣ ትመለሳለች፣ “ደከመዎት?” ትላለች፤ እሳቸው በእጃቸው ወደፊት ያሳያሉ። አራተኛው ድንጋይ አጠገብ ስንደርስ ቀና ብለው ሳያዩት አለፉ።

ማንጠግቦሽ ግቢዋ ውስጥ እህል አስጥታ ነበር። በርጩማ አወጣችላቸው። ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን አስጠጋች።

“እኔ ነበርኩ” አሉ። “ድምፄ አልወጣም። ሲመጣ ኮቴውን ሰማሁ። ወደ ግራ ሲያፈነግጥ ሰማሁ። ለመጣራት ሞከርኩ፤ ከደረቴ አልወጣም። በዘንጌ ድንጋዩን መታሁት።”

“የመቱትን ሰምቶት ይሆን?”

“አላውቅም፣ ልጄ።”

“ስንት እርምጃ ይርቅዎት ነበር?”

“ሃያ። ሃያ አምስት።”

“ለምን አልወረዱም?”

“ተጣሪ ከድንጋዩ አይወርድም የሚለውን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ” አሉ። “ከወረድኩ ሌላው መንገደኛ ይስታል ብዬ። ያኔ ግን ድምፅ አልነበረኝም፤ ብወርድ የሚጎድል አልነበረም። ይህንን ያሰብኩት ቤቴ ከገባሁ በኋላ ነው።”

ማንጠግቦሽ ወደ ትርንጎ ዞረች።

“ድምፃቸው መሄዱን ታውቂ ነበር?”

“አውቅ ነበር።”

“ታዲያስ?”

“አባታችን ናቸው” አለች ትርንጎ። “ይውረዱ ማለት አፈርኩ።”

“አፈርሽ” አለች ማንጠግቦሽ። ተነስታ ዶሮዎቹን ከስጡ ላይ አባረረች፤ እህሉን በእግሯ እንደገና በተነችው፤ ከወዲያኛው ጫፍ እስከ ወዲህኛው ሄደች። እኛ ተቀምጠን ጠበቅን። ትርንጎ ጣቶቿን እያፍተለተለች ነበር። ማንጠግቦሽ ትጮህብናለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህ እመርጥ ነበር።

ስትመለስ “ወረቀቱን አምጪ” አለች። ፊደል ታውቃለች። ቀስ ብላ መጀመሪያ ጥያቄዋን፣ ከሥሩም እንዲህ ብላ ጻፈች፦ “ጠይቄአለሁ። መልሰውልኛል። አልረካሁም። እንደገና እጠይቃለሁ።” ፈረመችበት። ከዚያ ለትርንጎ ስትሰጣት እንዲህ አለች፦

“ጉም ሳይወርድ ወዲያና ወዲህ ያለን ተሻጋሪዎች እንሰማችሁ። ያልሰማነው ሰው ድንጋይ ላይ አይቁም። ማንም ቢሆን።”

የስያሜ ሹሙ ወረቀቱን ሦስት ጊዜ አነበበ።

“‘ረክቻለሁ’ ነው መሆን ያለበት” አለ።

“አልረካችም።”

“ደንቡ ‘ረክቻለሁ’ ነው የሚለው።”

“ይሂዱና እርስዎ ያርኳት” አለች ትርንጎ። ድፍረቱ ከየት እንደመጣላት ዛሬም አታውቀውም። “የእርስዎ ተጠሪነትስ ለማን ነው?”

“ለበላዬ።”

“የበላይዎስ?”

“ለበላዩ።”

“እሱስ?”

ሹሙ ወደ መጋዘኑ ጣሪያ ተመለከተ። ጣሪያው ላይ ወፎች ጎጆ ሠርተዋል። ከዚያ ተነስቶ ከጥግ አንድ ክምር ሰነድ አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፤ ከሌሎች ከተሞች የሰበሰባቸው ናቸው። አንድ በአንድ ገለጠላት። መቶ አሥራ አራት ማኅበራት። ሁሉም ላይ “ረክቻለሁ”፣ “እጅግ ረክቻለሁ” የሚል አለ። ሠላሳ ያህሉ በአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ ነው። የዓይነ ስውር መሪዎቹም አዲስ ስም አውጥተው በመካከሉ ነበሩ፤ በቀይ ማኅተም የተሰየሙ።

“ይህ ብቻ ነው ጥያቄ ያለበት” አለ የማንጠግቦሽን ወረቀት እያሳያት። ከዚያ ማኅተሙን አንስቶ ወረቀቱ ላይ አሳረፈው። ከሁለት ወር በኋላ ከቦታው መነሳቱን ሰማን። የድርቆሽ ክብደት መስካሪ ሆኖ ሩቅ አገር ተልኳል ይባላል። ምክንያቱን የጠየቀ ሰው እንደነበረ አላውቅም።

ጉሙ ሊወርድ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰው ተሰበሰበ። ከሁለቱም በኩል የመጡ ሠላሳ ያህል ተሻጋሪዎች መንገዱ ላይ ተበታትነው በየድንጋዩ መካከል፣ ድምፅ ሊደርስበት በሚገባው ቦታ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆሙ። የሰማ እጁን ያነሳል። ጋሽ እጅጉ ዳር ላይ ሰሌን ተነጥፎላቸው ተቀምጠዋል።

እኔ ተጣራሁ፤ እጆች ተነሱ። ሽባባው የሚባለው የሦስተኛው ድንጋይ ተጣሪ ጮኸ፤ ተነሱ። አራተኛው ላይ በጋሽ እጅጉ ቦታ የተተካችው ሸክላ ሠሪ ጮኸች፤ ዳክዬዎች እንኳ ከደንገሉ ተነሱ፤ ሰው ሳቀ። አምስተኛው የትርንጎ ነበር። ደረቷን ሞልታ “ወዲህ! ወዲህ ነው!” አለች።

እጅ አልተነሳም።

እንደገና ተጣራች። ከሩቅ ሆኜ አያታለሁ፤ አንገቷ ተወጥሮ፣ አፏ በሰፊው ተከፍቶ። እሷን እንዲሰሙ ከቆሙት አምስት ሰዎች አንዲቱ እጇን ከፍ አደረገችና ወዲያው ፀጉሯን ነካክታ አወረደችው። ማንጠግቦሽ ከመካከላቸው ነበረች። ዞራ ድንጋዩ ድረስ መጣች።

“እትዬ ትርንጎ፣ አልተሰማሽም።”

“ነፋስ ይሆናል።”

“ነፋስ የለም።”

“ባለፈው ዓመት ይሰማ ነበር።”

“ባለፈው ዓመት አልጠየቅንም” አለች ማንጠግቦሽ። ክፋት አልነበረባትም፤ እጇን ዘረጋችላት።

ትርንጎ የተዘረጋላትን እጅ አልያዘችም። ብቻዋን፣ መጀመሪያ ግራ እግሯን ቀጥሎ ቀኙን እያደረገች ወረደች። ካፖርቱን አውልቃ ለሚተካት ሰው ድንጋዩ ላይ አጥፋ አስቀመጠች። ከዚያ በፊታችን አልፋ ማንንም ሳታይ ወደ ቤቷ ሄደች። ለሁለት ቀን በሯ ተዘግቶ ነበር። ሰው “ሃያ ሁለት ዓመት አገልግላ!” እያለ አጉረመረመ፤ አንዳንዱ ማንጠግቦሽን መርገም ጀመረ። በሦስተኛው ቀን ትርንጎ በሩን ከፍታ ወጣችና የሚረግሙትን “ተዉ፣ አፋችሁን ያዙ” አለቻቸው።

ጉሙ የወረደው በዚያ ሌሊት ነው። ሲነጋ ዓለም ሁሉ ነጭ ነበር። ትርንጎ ሁለት ሰሌን ለገበያ ጠቅልላ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ወደ መንገዱ ገባች። ያ ነገር ለእሷ አዲስ ነበር፤ በጉም ውስጥ ሁልጊዜ ድንጋይ ላይ ነበረች እንጂ መንገድ ላይ ሆና አታውቅም። የመጀመሪያውን ተጣሪ ድምፅ ሰምታ ሄደች። የእኔን ሰማች፤ በአጠገቤ ስታልፍ ሰላም አለችኝ። ከእኔ በኋላ ወደ ሦስተኛው ድንጋይ፣ ወደ ሽባባው ድምፅ መሄድ ጀመረች።

መንገዱ መሐል ላይ ድምፁ ጠፋ።

ቆመች። ግራ ውሃ ነው፣ ቀኝ ውሃ ነው፤ የትኛው ግራ የትኛው ቀኝ እንደሆነ ግን አላወቀችም። ሰሌኑ ከትከሻዋ ሸርተት ሲል ልትይዘው ዞረች፤ ከዞረች በኋላ ፊቷ ወዴት እንደነበረ ጠፋት። ከደንገሉ ሥር የሆነ ነገር ውሃውን ቦጭረቅ አደረገው። እግሯን አንስታ የት እንደምታሳርፈው ሳታውቅ በአየር ላይ ያዘችው። ካሴም እንዲህ ሆኖ ነበር አለች በልቧ። 

“ወዲህ!” የሚል ድምፅ መጣ። ከጠበቀችው ፍጹም ተቃራኒ በኩል ነበር። እግሯን መልሳ አሳረፈች፤ ቀስ ብላ ዞራ እየዳበሰች ሄደች። ሽባባው ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ድንጋዩ ላይ ቆሟል።

“እትዬ ትርንጎ፣ አንቺ ነሽ? ደህና አደርሽ።”

“ድምፅህ ጠፍቶ ነበር።”

“ሳል ይዞኝ ነው። ትንሽ ነው።”

ሽባባው ስድስት ልጆች ያሉት ጫማ ሰፊ፣ በሰው ዘንድ የተወደደ ሰው ነው። ለትርንጎ ደግሞ የክርስትና ልጇ አባት ነው። “አይዞህ” ብላ ልታልፍ ነበር፤ ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ እንደነበር ነግራኛለች። ከኋላዋ በጉሙ ውስጥ የሌሎች ሰዎች ኮቴ እየቀረበ ነው።

ሰሌኖቿን ከትከሻዋ አወረደች፤ ከድንጋዩ ሥር አስቀመጠቻቸው።

“መጀመሪያ ተጣራ፣ ሰዎቹ እየመጡ ነው” አለችው። ተጣራ። ከዚያ ቀና ብላ አየችው።

“አሁን ንገረኝ” አለች። “ከዛሬ በፊት ሳሉ ስንት ጊዜ ይዞሃል?”